የሚጠይቅ ልጅ አትስደቡብኝ

ሰነፍ አይደለም። ማታ ስልኩን ከፍቶ ለማያውቃቸው ሰዎች «እባካችሁ ይቺን ጥያቄ እንዴት ልሥራት?» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሰነፉ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ የቤት ሥራ መኖሩንም ረስቷል። ይሄኛው ደብተሩን ዘርግቶ ታግሏል፣ አልሆንለት ብሏል፣ ቤት ውስጥ የሚጠይቀው ሰው አጥቷል፣ በመጨረሻም እፍረቱን ዋጥ አድርጎ አደባባይ ወጥቷል። እኛ ተማርን ባዮች ታዲያ ምን እናደርጋለን? «ራስህ ሥራው!» እንለዋለን። «ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ ነበር?» እንለዋለን። «የዘንድሮ ተማሪ ከኩረጃ ሌላ ምን ያውቃል!» እየተባባልን መሳቂያ እናደርገዋለን። ልጁ ጥያቄውን ያጠፋዋል። ሁለተኛም አይጠይቅም።

ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዛሬ ልናገረው ነው።

የምጽፈው ከገዳሪፍ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር ነበር። እዚህ የምተዳደረው የነጋዴ ሂሳብ በመያዝ ነው፤ ማታ ማታ ግን ተማሪዎች ከሚጠያየቁባቸው የቴሌግራም ግሩፖች አልጠፋም። ከዚህ አካባቢ የሚጠይቁትን ልጆች ኑሯቸውን አውቀዋለሁ፤ የምትሳደቡት ማንን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ገዳሪፍ ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ገላባትንና ዶካን አልፎ የሚደረስባት የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ናት። ለአረምና ለአጨዳ የሚመጣው የእኛ አገር ሳሉግ ያውቃታል። ስደተኛም ያውቃታል። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ወገናችንን ያስጠለለ መጠለያ ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ ኖሮ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሸሽቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሃምዳይት ለገባው ሕዝብ እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት ቱናይድባ ተጨመረ። ከጎንደር በኩል የሸሹም ተከተሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ልጆች ነበሩ። ያኔ አራተኛ ክፍል ሆኖ ቤቱን ጥሎ የሮጠ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል መሆን ነበረበት።

መሆን ነበረበት አልኩ። ምክንያቱም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ ስደተኛው ሸሽቶ የመጣበት አገር ራሱ ተሰደደ። ዩኒሴፍ በዚያ ዓመት ማግሥት 19 ሚሊዮን የሱዳን ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ተናገረ። ከካርቱም፣ ኋላም ከጀዚራና ከሲንጃ የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍ ሲደርስ ብዙው ያረፈው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ተማሪ የሚቀመጥበት ክፍል ቤተሰብ የሚያድርበት ሆነ። መምህሩ ደመወዙን ሳያይ ወራት አለፉ። የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ በገዛ አገሩ ላለው የሱዳን ልጅ ነው። የእኛው ልጅ ደግሞ በሱዳን ትምህርት ቤት ይግባ ቢባል ትምህርቱ በዐረብኛ ነው፤ እሱ የያዘው ገበያ ውስጥ የለቀማትን ዐረብኛ ነው፤ በእሷ ማሽላ ይገዛባት ይሆናል እንጂ ኬሚስትሪ አይማርባትም።

«እንግዲያውስ አገር ቤት ይመለስ» የሚል ደፋር አይጠፋም። ወዴት? በአማራ ክልል በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆኑን የተናገረው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ነው። የሞባይል ኢንተርኔቱም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ወራት ሙሉ ተዘግቶ ነበር። ከሱዳን ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡት ስደተኞች እንኳ በ2016 ዓ.ም. ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች ሰግተው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፍረዋል። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ልጅ ላይ በሩ ተዘግቷል።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህ ልጅ ማንን ይጠይቅ? መምህሩን? የትኛውን መምህር? እናቱን? እናቱ ከማለዳ እስከ ምሽት ቡና ስታፈላ ትውላለች፤ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ሲመጣ ረከቦቷን ጥላ ትሮጣለች፤ ማታ ስትገባ እግሯን አጥባ ትተኛለች። አባቱን? አባቱ እርሻ ላይ ነው፣ ወይም የት እንዳለ አይታወቅም። የቀረው ስልክ ነው። ስልኩም የእናቱ ነው፤ እሷ እስክትመጣ ይጠብቃል። ረሲድ የሚሉት የስልክ ሂሳብ ካለው ይገባል፤ ከሌለው ነገን ይጠብቃል። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የስልክ ኩባንያዎቹ ሱዳኒም፣ ዛይንም፣ ኤምቲኤንም በአንድ ሰሞን ሲቋረጡ ያቺም ቀጭን መስመር ተበጥሳ ነበር። ይህን ሁሉ አልፎ መጥቶ የጠየቀን ልጅ ነው «ራስህ ሥራው» የምትሉት።

አሁን ደግሞ ከተሳዳቢው ባልተናነሰ የሚያበግነኝን ልንገራችሁ። እሱ መልስ ወርውሮ የሚሄደው ነው።

በቅርቡ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ላከች። መጽሐፍ የላትም፤ ስልክ ላይ ካለው ፒዲኤፍ በእስክሪብቶ ገልብጣ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ነው የላከችው። «አንድ ድንጋይ በ20 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። የመሬት ስበት 10 ነው ብለን ብንወስድ ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» ይላል። ብዙም ሳይቆይ አንዱ «20» ብሎ ጻፈላት። በቃ፤ ሁለት አሐዝ። ልጅቷ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሰውዬውም ረዳሁ ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

መልሱ ትክክል ነው። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። በማግሥቱ ያው ጥያቄ በ30 ሜትር በሰከንድ ተለውጦ ሲመጣ ልጅቷ «30» ብላ ሠርታ፣ ልክ መሆኑን እንድናይላት ላከችው። እንዴት አገኘሽው ስላት «የተሰጠንን ቁጥር ነው መልሰን የምንጽፈው ብዬ ነው» አለችኝ። ምን ታድርግ? ጥያቄው ላይ 20 ተጽፏል፤ መልሱም 20 ነው ተብላለች። ያ ደግ ሰው ያስተማራት ይህንን ነው፤ ከማታውቀው ይልቅ በስህተት የምታውቀውን ሰጥቷት ሄደ።

ለማስረዳት የፈጀው የሁለት ደቂቃ ቮይስ ነው። ድንጋዩ ሽቅብ ሲሄድ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ 10 ይቀነስበታል። በ30 ከተነሳ፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ 20፣ ከሁለት በኋላ 10፣ ከሦስት በኋላ ዜሮ፤ እዚያ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ሲነሳ 30፣ ሲቆም ዜሮ፣ አማካዩ 15። በ15 አማካይ ፍጥነት ሦስት ሰከንድ ከሄደ 45 ሜትር ወጥቷል። «እንግዲህ የትናንቱን ራስሽ ሥሪው» አልኳት። ሁለት ሰከንድ፣ አማካይ 10፣ 20 ሜትር። ከዚያ ምን ብላ ጻፈች? «በ40 ቢወረወርስ ብዬ ሞከርኩት፤ 80 ይመጣል አይደል?» አዎ፣ ይመጣል። ማንም ያላዘዛትን ጥያቄ ራሷ ፈጥራ ሠራች። ልጅ ሰነፍ ነው የሚሉኝ ሰዎች ይህቺን መልእክት ቢያነቡ እወድ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ ነጋዴው ነው። «አሳይመንት እንሠራለን፣ ወርክሺት እንሠራለን፣ ኢንቦክስ አድርጉ።» ለድሃ ልጅ የቤት ሥራ ዋጋ ይተምናል። እሱን ማን አስተማረው? እኛ። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን አጥር ሥር የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ኮምፒዩተር ቤት እንዳለ የማያውቅ ምሩቅ የለም። በገንዘብ በተገዛ ጽሑፍ ተመርቆ፣ በዚያ ዲግሪ ወንበር ይዞ፣ ማታ ስልኩን ከፍቶ የዘጠነኛ ክፍል ልጅን «ኮራጅ» የሚል ሰው አለ። አያፍርም።

በዚህ ድንበር ደግሞ ከሁሉም የከፋ አራተኛ አለ። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ የሚዘረጋውን መንገድ ሰው እንደ ዕቃ የሚጭንበት ደላላ ያውቀዋል። ደላላ አይሳደብም። ደላላ «ምነው እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ኢንቦክስ ነይ» ይላል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በአደባባይ ጠይቃ የተሳቀባት ልጅ፣ ለብቻዋ በደግ ቃል ወደሚያናግራት ብትሄድ ማን ነው የገፋት? እናንተ በስድብ ከአደባባይ ታባርሯታላችሁ፤ እሱ በጓዳ በር ይቀበላታል። ስድባችሁ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ድረስ መሆኑን ካላወቃችሁ ዛሬ እወቁት።

አውቃለሁ፣ ክርክራችሁን አውቃለሁ። «ግን እኮ ኩረጃ አገሪቱን ገደላት» ትሉኛላችሁ። ገድሏታል! ማን ጀመረው ግን? በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለጠፍና ፈተናው ሲሰረዝ፣ ወረቀቱ ተማሪ እጅ ከመግባቱ በፊት የተጠበቀው በአዋቂዎች እጅ ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? በ2009 የፈተናው ሰሞን የአገሩን ኢንተርኔት መዝጋት። ጎረቤታችን ሱዳንም ያንኑ መድኃኒት ወሰደች፤ በ2020፣ በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ፈተና በተሰጠባቸው ቀናት የሞባይል ኢንተርኔት ለሰዓታት ይዘጋ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ኢንተርኔት ለመዝጋት አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ መምህር ለማሠልጠን ግን ዓመታት ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይፈልጋል፣ አክብሮት ይፈልጋል። ሁለቱም መንግሥታት ቀላሉን መረጡ።

ከዚያ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ፤ ኩረጃው በሩ ተዘጋበት። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች አንብባችሁ «ተማሪው ሰነፍ ነው» ካላችሁ ቁጥር ማንበብ አትችሉም። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ምናምኑ በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሆኖ አይወለድም። ያ ውጤት የሚናገረው ልጆቻችን ዓመት ሙሉ ተቀምጠው እንዳልተማሩ ነው። እንግዲህ ያልተማረውን ነገር በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ረሲድ፣ ከማያውቀው ሰው ለመማር የሚሞክር ልጅ የኩረጃ ልጅ ነው ወይስ የኩረጃ ጠላት?

የቤት ሥራንስ ስልክ ውስጥ ያስገባው ማን ነው? መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ቤታችሁ ሆናችሁ ተማሩ» ያልን እኛ ነን። ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በቴሌግራም የላኩት ያኔ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ሳይደርስ ቀርቶ «ፒዲኤፉን አውርዳችሁ አንብቡ» ያልናቸውም እኛው ነን። መጽሐፉ ስልክ ውስጥ፣ የቤት ሥራው ስልክ ውስጥ፣ ማስታወቂያው ስልክ ውስጥ ሆኖ፣ ልጁ ጥያቄውን ስልክ ውስጥ ሲጠይቅ «ምን ዓይነት ጊዜ መጣ» ብሎ መደነቅ ግብዝነት ነው።

ከማያውቁት ሰው ዕውቀት መለመን ነውር የሆነውስ ከመቼ ወዲህ ነው? የቆሎ ተማሪ አገሩን ጥሎ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በማያውቀው ደጅ ሲቆም ሴቶቻችን ያላቸውን ቁራሽ ሰጡት እንጂ «ራስህ ጋግር» አላሉትም። በዚያ ቁራሽ ነው ቅኔው፣ ዜማው፣ ትርጓሜው እዚህ የደረሰው። የየኔታው ደቀ መዝሙር ዕውቀት የሚያገኘው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም፤ ትልቁ ትንሹን ያስቀጽለዋል፣ ተሳሳትክ ይለዋል፣ ያስደግመዋል፣ እስኪያወጣው አይለቀውም። ከድንበሩ ወዲህም እንዲሁ ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ኸልዋዎች ከሩቅ መጥቶ ቁርኣን የሚቀራን ልጅ የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው። አባቶቻችን የሚበሉት ሳይተርፋቸው የሰው ልጅ አስተማሩ። እኛ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ነፈግን።

ዓለምም ከዚህ የተለየ ነገር አልፈጠረም። ካን አካዳሚ የሚባለውና ዛሬ ሚሊዮኖች የሚማሩበት ነገር የተጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ሳልማን ካን ቦስተን ተቀምጦ፣ ኒው ኦርሊንስ ላለች የዘመዱ ልጅ ሒሳብ በስልክና በኮምፒዩተር ሲያስረዳት ነው። ልጅቷ አልገባኝም አለች፤ እሱ ቁጭ ብሎ አስረዳት። ሌላ ምስጢር የለውም። የእኛ ልጅም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አልገባኝም።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ልጠይቅ።

እናንት ምሩቃን! መልስ አትወርውሩ። መጀመሪያ «የት ድረስ ሠራኸው?» በሉት። የሞከረውን ፎቶ አንስቶ ይላክ። የቆመበትን ቦታ ፈልጉለት፤ አንዲት እርምጃ አሳዩትና ቀጣዩዋን እሱ ይሂድ። በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በትግርኛም፣ በድምፅ አስረዱት፤ ቪዲዮ ረሲድ ይጨርሳል፣ ቮይስ ግን ኔትወርኩ በደከመበት ሰፈርም ይደርሳል። «መልሱን ብቻ ላኩልኝ» የሚለውን ልጅ እምቢ በሉት፤ ግን እምቢ ስትሉት ምክንያቱን ንገሩት፣ አታዋርዱት። ጊዜ ከሌላችሁ ዝም በሉ። ዝምታ ማንንም አይገድልም።

የግሩፕ አድሚኖች! አሳይመንት ሻጩን አስወጡት። «ኢንቦክስ ነይ» የሚለውን በዚያው ደቂቃ አስወጡት። ትምህርት በአደባባይ ይሰጥ፤ አንዷ የጠየቀችውን ሌሎቹም ይሰሙታል፣ እሷም ትጠበቃለች። ተሳዳቢውንም እንዲሁ። ፈሪ ልጅ ቀና ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ መጠበቅ ሥራችሁ ነው።

በገዳሪፍ የምንኖር ሐበሾች! መካከላችን ጀብሎ የሚሸጥ፣ ሰሊጥ የሚያበጥር፣ ሱቅ የሚጠብቅ መምህር አለ። አውቃቸዋለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ለዕድር የምናዋጣውን ያህል ብናዋጣ በሳምንት ሁለት ምሽት አንድ ግቢ ውስጥ ሰሌዳ ሰቅለን ልጆቻችንን መሰብሰብ እንችላለን። ለሞታችን የምንደራጀውን ያህል ለልጆቻችን እንደራጅ።

በዚህ ከተማ ቆንስላ ያለውና በአዲስ አበባ ሚኒስቴር ያለው መንግሥትም አይስማኝ አልልም፤ ይስማኝ! ድንበር ማዶ ያለው ልጅ የኢትዮጵያን መጽሐፍ በደካማ ኔትወርክ እያወረደ «አንድ ቀን አገሬ ገብቼ እፈተናለሁ» የሚል ዜጋ ነው። የታተመ መጽሐፍ ላኩለት። ትምህርቱ የሚቆጠርለትን መንገድ ክፈቱለት። ኢንተርኔት በዘጋችሁ ቁጥር የምትዘጉት የመጨረሻዋን ክፍሉን መሆኑን ዕወቁ።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለው ያሳደጉን አያቶቻችን ናቸው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የዘመኑ መፈክር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ይል ነበር። ደርግን የሚወድ ሰው አይደለሁም፤ ያደረሰውን አውቃለሁ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን እውነት ነበረች፤ በእሷም ምክንያት ብዙ ወጣት ወደማያውቀው ገጠር ሄዶ፣ ለማያውቃቸው ገበሬዎች ሀ ሁ አስቆጥሯል። ያኔ ለመድረስ ቀናት በእግር ይኬድ ነበር። ዛሬ ልጁ ራሱ መጥቶ ስልካችን ላይ ቆሟል።

እኛ በድሃ ግብር ተምረናል። ያስተማረን ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ቡና የምታፈላ እናት ናት። ይህ ዕዳ ነው፤ አበዳሪዋ ልጇን ልካ እየጠየቀችን ነው። ልጁ ሲጠይቅ የማስረዳት ግዴታ አለብን። ማስረዳት ያቃተው ሰው መንገዱን ይልቀቅ፤ ማስረዳት እየቻለ የሚሳለቅ ግን፣ ዲግሪው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ የተማረ ሰው ብዬ አልጠራውም።